ያውቁ ኖሯል? ሆርሞን ሞልቶ ሲጎድል

• የዕድገት ሆርሞን በደሙ ተትረፍርፎ ቁመቱ ግን የማያድግ ሰው አለ። ችግሩ ላሮን ሲንድረም ይባላል። ፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞኑን ትልካለች፤ ጉበት ግን በዘር በመጣ የተቀባይ ብልሽት መልእክቱ ስለማይደርሰው አይጂኤፍ-1 የተባለውን አሳዳጊ ሆርሞን በበቂ አያመርትም። ለእንዲህ ያለ ሰው የዕድገት ሆርሞን መውጋት ሰው በሌለበት ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እያሉ መጣራት ነው።

• እስራኤላዊው ሐኪም ዝቪ ላሮን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሽታውን የገለጹት እ.ኤ.አ በ1966 ነው። በኋላ በደቡብ ኢኳዶር፣ በሎሃና በኤል ኦሮ፣ ብዙ ታማሚዎች ተገኙ። የሚገርመው፣ እነዚህ ሰዎች ውፍረት እያጠቃቸውም ስኳርና ካንሰር እምብዛም አይነካቸውም።

• ታዲያ ሕክምናው? የጎደለውን አይጂኤፍ-1 ራሱን መስጠት ነው። ሜካሰርሚን የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። በቀን ሁለት ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ምግብ ካልተበላ ግን የደም ስኳር ይወርዳል። አዋቂ ቢወጋው ቁመት አያገኝም፣ የአጥንቱ ማደጊያ ተዘግቷልና። በአዋቂዎች ላይ ሲሞከር የሰውነት ስብ ቀንሷል፤ ፈቃዱ ግን ለልጆች ነው።

• በሽታው የሚመጣው የተበላሸው ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ጂኑን ተሸካሚ የሆኑ ባልና ሚስት በእያንዳንዱ እርግዝና በሽታው ያለበት ልጅ የመውለድ ከ4 አንድ ዕድል አለባቸው። ዘመዳሞች ሲጋቡ እንዲህ ያለ ጂን የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋል። የጎጃም ሽማግሌ ከእጮኝነት በፊት ሰባት ቤት ሲያስቆጥር ስለ ጂን ሰምቶ አይደለም፤ ሥራው ግን ሠርቷል።

• ለቢቸናና ለሞጣ ሰው የሚቀርበው የሆርሞን ጉድለት ሌላ ነው፤ እንቅርት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል አገር በሽታውን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። እዚህ ፒቱታሪ ታዛለች፣ የአንገት ዕጢዋ ታይሮይድም ትሰማለች፤ የጠፋው ጥሬ ዕቃው አዮዲን ነው። ትእዛዙ ሲበረታባት ዕጢዋ ታብጣለች። እንደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ ደጋ ዝናቡና ጎርፉ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ይወስደዋል፤ እህሉም ከዚያው አፈር ነው።

• አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር 250። እ.ኤ.አ በ2011 በኢትዮጵያ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ እ.ኤ.አ በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። እንዲህ ያለ ዝላይ በጤናው ሥራ ብዙ ጊዜ አይታይም።

• ግን ገበያ ውስጥ አፉ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የዋለ የጨው ማዳበሪያ አዮዲኑን ያጣል። ቆሻሻው ይልቀቅ ብሎ ጨው የሚያጥብ ቤትም አዮዲኑን አብሮ ይደፋዋል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጦ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል።

• ታይሮይድ ጨርሳ ከደከመች ሆርሞኑ ራሱ በክኒን ይተካል፤ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ለጎጃም ጠዋት ከባዱ ትእዛዝ ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም፤ የአቦሉን ሰዓት የሚገፋ ማን ነው?