ጠሉ ሳይረግፍ

መስከረም ሲጠባ በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም ከተማ ዙሪያ ያለው የጓሮ አጥር ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ይታያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ቀፎውም ጭጭ ብሏል። ንብ ለመብረር የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ከቀፎዋ ንቅንቅ አትልም። ውጭ ያደሩት ቢራቢሮዎችና ጥንዚዛዎች ደግሞ ጠል እንደተሸከሙ አበባው ላይ ደርቀው ይቆያሉ። ጉድጓድ ምሰው በየብቻቸው የሚኖሩ አንዳንድ የንብ ዘሮችም አሉ፤ ወንዶቹ የሣር ዘንግ በመንጋጋቸው ነክሰው ያድራሉ። ደጋው ለማክሮ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያበረክተው ትልቁ ስጦታ ይህ ብርድ ነው። ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ ጓሮ የገባ ሰው ባዶ አበባ አንሥቶ ይመለሳል።

ቀረብ ብሎ የተነሣ ሁሉ ማክሮ አይባልም። ባለሙያዎች መነሻ የሚያደርጉት ‹አንድ ለአንድ›ን ነው፤ ይኸውም በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስል ከፍጡሩ ትክክለኛ መጠን ጋር ሲተካከል ማለት ነው። ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ 12 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ንብ የፎቶውን ወርድ ሲሶ ትይዛለች።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 ቢጠብ እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል ውፍረት ነው። የንቧ ዐይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል፤ አንሺው ሲተነፍስ የሚወዛወዘው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ቀዳዳውን አብዝቶ ማጥበብም አያዋጣም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው እንዳለ ጥራቱን ያጣል። መላው ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያሻገሩ ደጋግሞ ማንሣትና የጠራ የጠራውን በኮምፒውተር ማገጣጠም ነው። እንግሊዛዊው ሌቨን ቢስ በ2016 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሳያቸው ግዙፍ የነፍሳት ምስሎች እያንዳንዳቸው ከ8,000 በላይ ፎቶዎች የተገጣጠሙባቸው ናቸው። የእሱ ጥንዚዛዎች ግን በመርፌ ተወግተው የተቀመጡ የሙዚየም በድኖች ነበሩ። የቦረና ገብስ ላይ የተቀመጠች ሕያው ጥንዚዛ ነፋስ አንዴ ሽው ካለባት አሥር ፎቶ እንኳ አትታገሥም።

አንዳንዶች ነፍሳቱን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው ያነሣሉ። ማለዳ ተነሥቶ ጓሮ መግባት እየተቻለ ይህን ማድረግ ስንፍና ነው፤ ፎቶውም ያሳብቃል፣ እግሮቹ የሕያው አቀማመጥ የላቸውም።

ዕቃው የሚፈራውን ያህል ውድ አይደለም። ተራ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተገልብጦ ሲገጠም አጉልቶ ያሳያል፤ በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበትም እንዲሁ። ስልክ ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ሌንሶችም አሉ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው፤ ፍላሹ በነጭ ወረቀት ካልተጋረደ የጥንዚዛው ጀርባ አብረቅርቆ መልኩ ይጠፋል።

ለጀማሪ ከጎመን ቅጠል የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርጉት ዐመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው ክሽክሽ ነው። ዐመድ የመሰለው ነገር ራሱ ክሽክሹ የሚያመነጨው ሰም ነው። በሌንስ ሲታይ እያንዳንዷ አፏን ቅጠሉ ውስጥ ሰክታ ትመጣለች፤ ከኋላዋም ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ይታያሉ። ትንሽ የታገሠ ሰው ስትወልድ ያገኛታል። ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ሕያው ልጅ በእግሩ በኩል ትወልዳለች። ጎመኑ በሳምንት ውስጥ የሚወረረውም ለዚህ ነው። ከመካከላቸው ያበጡ፣ ቡናማ ሆነው የደረቁ ይገኛሉ፤ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። እነዚህን የጨረሰቻቸው ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ተርብ ናት። እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ዕጭ ከውስጥ በልቶት ሲያድግ ጀርባውን በስቶ ይወጣል። ቀዳዳውን በፎቶ ያየ ገበሬ መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል፤ መርጫው ተርቧንም አይምርም።

አደይ አበባው ላይ ደግሞ ሌላ ማታለያ አለ። ንብ ናት ተብለው የሚነሡት ብዙዎቹ ንብ መስለው የሚኖሩ ዝንቦች ናቸው። ዝንቡ ሁለት ክንፍና ቁንጽል አንቴና አለው። ንቧ አራት ክንፍ አላት፤ የኋላው ከፊተኛው ጋር በረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ሜንጦዎች ስለሚያያዝ በዐይን ሲታይ ሁለት ይመስላል። ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የማር ንብ ‹ሲሜንሲስ› ብለው ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ያደረጉት እንዲህ ያሉ ጥቃቅን የአካል ክፍሎችን ለክተው ነው።

ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው እንግዳ ረጅም ሌንሱን የሚደግነው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ላይ ነው። ይፈረድለታል። ነገር ግን የወሎ ስም የተሰጠው አንድ ነፍሳት አለ፤ ገበሬው ደገዛ የሚለው ፌንጣ። ሳይንሳዊ ስሙን በ1977 እ.ኤ.አ. አግኝቷል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ጤፍና ገብስ ያጠፋል። አንቴናው ረጅም፣ ክንፉ አጭር ነው። የሚሰማበት ጆሮ የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው ስንጥቅ ነው፤ ያንን በዐይን ማየት ያስቸግራል፣ በማክሮ ግን ይቆጠራል።

ፎቶ ለእርሻ ምን ያህል እንደሚረዳ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታይቷል። የበረሃ አንበጣ የወሎን ምሥራቃዊ ወረዳዎች ሲወር፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀው ‹ኢሎከስት3ኤም› የተባለ የስልክ መተግበሪያ አንበጣውን ከነቦታው ፎቶ አንሥቶ ለመላክ ያስችል ነበር። የመንጋው ቀለም ብቻውን ወሬ ያቀብላል፤ ሮዝ ከሆነ ገና አልጎለመሰም፣ ቢጫ ከሆነ እንቁላል ለመጣል ደርሷል። ደገዛን ያገኘ ሰውም እንዲሁ ፊቱን፣ ጎኑንና ጀርባውን፣ የተቀመጠበትንም ተክል ቢያነሣ ይመከራል። ጎኑ በተለይ አይዘለል፤ ሴቷ የምትለየው ከጅራቷ በወጣው፣ እንቁላሏን አፈር ውስጥ በምትቀብርበት ረጅም መውጊያ ነው።