ከትራክተር ኋላ የሚገጠም ቆፋሪ ክንድ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ወይም በቀጨኔ መንደሮች መሃል ቤት የሚሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መንገዱ ጠባብ፣ ቦታው ተዳፋት ነው። ትልቁ እስካቫተር በሎቤድ ተጭኖ አስፋልቱ ድረስ ቢመጣ እንኳ ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለውም። ስለዚህ መሠረቱም፣ የውሃ መስመሩም፣ የሽንት ቤት ጉድጓዱም የሚቆፈረው በሰው ጉልበት ነው። የቀን ሠራተኞች በዶማና በአካፋ ይጀምራሉ፤ ከአፈሩ ሥር የእንጦጦ አለት ሲገጥማቸው ዲጂኖ ያነሳሉ።

ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን መሣሪያ ግን አለ። ባክሆ ይባላል፤ በትንሽ የእርሻ ትራክተር ኋላ ተገጥሞ በዘይት ግፊት የሚቆፍር ክንድ ነው። እነዚህ ሰፈሮች ባሉበት በጉለሌ በር የሚበይድ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ የሚያቆም ባለሙያ ሞልቷል። ይህን ክንድም መሥራት ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ከየት መጀመር እንዳለበት ማወቅ ግድ ነው።

የማሽኑ ታሪክ ራሱ ከትንሽ ወርክሾፕ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቫይኖ ሆሎፓይነንና ሮይ ሃንዲ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሃይድሮሊክ የሚሠራ ቆፋሪ ክንድ ሠርተው በፎርድ የእርሻ ትራክተር ላይ ገጠሙ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ ደግሞ በ1945 ሥራ የጀመረው በኪራይ ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ ፓውንድ በገዛው አሮጌ የብየዳ ማሽን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ብረት እየቀጣጠለ ነበር። መጀመሪያ የሠራው የእርሻ ተጎታች ነው። ቆፋሪና ዛቂውን በአንድ ትራክተር ላይ አጣምሮ ያወጣው በ1953 ሲሆን፣ ዛሬ በየመንገድ ሥራው የምናየው ቢጫው ጄሲቢ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ይዞ ቀርቷል።

አሠራሩ እንደ ሰው ክንድ ነው። ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ አለው፤ መዳፉ ባልዲው ነው። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሚያንቀሳቅሰው በዘይት የሚገፋ ሲሊንደር ነው። ለሦስቱ መገጣጠሚያዎች ሦስት፣ ክንዱን ግራና ቀኝ ለማዞር ሁለት፣ ለመደገፊያ እግሮቹ ሁለት፣ በጠቅላላው ሰባት ሲሊንደር ያስፈልጋል። ፓምፑን የሚነዳው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ዙር ስለሚዞር፣ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ያህል የሚያሳድግ ትንሽ ካምቢዮ በመሃል ይገባል።

ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር እንየው። የውስጥ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚገፋ ገጽ አለው። ዘይቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ቢገፋ፣ ሲሊንደሩ 7.5 ቶን ይገፋል ማለት ነው። ግን ይህ ሁሉ ጥርሱ ጋ አይደርስም። ሲሊንደሩ የሚገፋው ከክርኑ ፔርኖ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ጥርሱ ደግሞ ከዚያው ፔርኖ 1.5 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ የሚደርሰው አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው፤ 1,250 ኪሎ።

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ትንሽ ትራክተር ራሱ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም። አለቱ አልላቀቅ ካለ የሚንቀሳቀሰው ትራክተሩ ነው፤ ወይ ወደ ጉድጓዱ ይጎተታል፣ ወይ ኋላው ይነሳል። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚጥለው ክንዱና ባልዲው ላይ ነው፤ ለዓይን የሚታዩት እነሱ ናቸውና። እኔ ግን የሥራው ልብ ክንዱ የሚቆምበት ሻንሲ ነው እላለሁ። አብዛኛው የእርሻ ትራክተር እንደ መኪና የራሱ ሻንሲ የለውም፤ ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤትና የካምቢዮው ቤት እርስ በርስ በብሎን የታሰሩ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ናቸው። ጊዛ ደግሞ ሲጫኑት አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ክንዱን ማረሻ በሚታሰርበት ሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ማንጠልጠል የትራክተሩን ወገብ ለመስበር መዘጋጀት ነው። የላይኛው ማያያዣ ከተበጠሰም መሣሪያው ተነስቶ ኦፕሬተሩን ከትራክተሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ስለዚህ በትራክተሩ ሆድ ሥር ከኋላ እስከ ፊት የሚሄድ፣ በወፍራም ላሜራ የተሠራ ሻንሲ አስቀድሞ ይገጠም፤ ክንዱና ሁለቱ እግሮች በእሱ ላይ ይቁሙ።

ለጥርሱ ጉለሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቀጨኔ ከሸክላና ከሽመና ጋር የብረት ሥራ የኖረበት ሰፈር ነው። አንጥረኞች ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ዶማና ማረሻ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ለባልዲው ጥርስም ይኸው ባሌስትራ ይሆናል። ብረቱ ካርቦን ስለሚበዛበት ቀዝቃዛ ሆኖ ከተበየደ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ቀድሞ መሞቅ፣ ከተበየደ በኋላም በአመድ ወይም በደረቅ አሸዋ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። የብረትን ጠባይ በእሳቱ ቀለም ለሚለይ ባለሙያ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከፍታችንም መረሳት የለበትም። 2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ዘይቱን ከታንከር ወደ ፓምፕ የሚገፋውም የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ታንከሩ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ የመሳቢያው ጎማም ሰፊና አጭር ቢሆን ይበጃል። አለዚያ ፓምፑ ይጮኻል፤ ውሎ ሳያድር ውስጡ ይበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደ ሲሊንደር የሚሄደው የዘይት ጎማ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም በቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክንዱ መሬት ወርዶ፣ ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ብቻ ይነካ።

ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ብየዳ፣ ቶርኖና አውቶ መካኒክ የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ላይ ይህን ክንድ ለመመረቂያ ይሥሩት፤ የሻንሲውን ንድፍም ከነልኩ ለሰፈሩ በያጆች ያድሉ።