«ፎርማት ስንት ነው?»

ሰሞኑን አንድ የዕድር ጸሐፊ ዴስክቶፓቸውን በልጅ አሸክመው ሱቄ መጡ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሰፈሩን ዕድር መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል ያዛወሩት እሳቸው ናቸው፤ የአባላት ስም፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ ማን እስከ የትኛው ወር እንደከፈለ፣ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንዳለ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ወረቀቱን «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል» ብለው ትተውታል። ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ሲጀምር የሰፈር ልጅ ፎርማት ያደርግላቸዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ይፈጥናል፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ጠባዩ ይመለሳል፤ እንደገና ፎርማት። እኔ ጋ ሲደርስ አራት ጊዜ ተደርጎለት አምስተኛውን ፍለጋ ነበር።

የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎን ከፍቼ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ቢጫ ሆኗል። በ05 ረድፍ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር አለ፤ በሲ5 ረድፍ ዲስኩ ሊያነባቸው ያቃተው በወረፋ የቆሙ ሴክተሮች አሉ። «ጋሼ፣ ይህ ዲስክ እየሞተ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ፎርማት አድርገዋ!» አሉኝ፣ ሙያዬን እየተጠራጠሩ። ቀጠሉና፣ «መዝገቡ ደግሞ ዲ ላይ ነው፤ ዲ በፎርማት አይነካም ብለውኛል።»

ከመዝገቡ ያተረፍነው አንድ የቆየ ቅጂ ነው። አዲሶቹ ፋይሎች ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። እሳቸው አሁን በየቤቱ እየዞሩ የአባላትን ደረሰኝ እየሰበሰቡ እንደ አዲስ እየጻፉ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን አራት ጊዜ ተከፍሎ አንድ ሰው እንኳ ዲስኩን አለማየቱ ነው። ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ፎርማት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ እሱን ይጠይቃል። ኮምፒውተሩን ችግሩ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እየሠሩበት እንደቆመ፣ መብራት ጠፍቶበት እንደሆነ አይነግረኝም። ሐኪም ቤት ገብቶ ሳይመረመር «መርፌ ውጉኝ» የሚል ሰው ማለት ነው። መርፌው ምን እንደሆነም አያውቅ፤ ብቻ ባለፈው ጎረቤቱን አሽሎታል።

ደንበኛው እንዲህ የሚያምነው ያለምክንያት አይደለም፤ ፎርማት የሠራ ይመስላል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ አብረውት የሚነሱ ፕሮግራሞች የሉትም። ቴሌግራሙ፣ ብሮውዘሩ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቀው ማውረጃ ገና አልተመለሱም። አፕዴቱም ገና አልጀመረም። በታመመ ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ አዲሶቹ ፋይሎች ሌላ ቦታ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፤ የተበላሸው ክፍል ለጊዜው አይነካም። ፈጣኑ ፎርማት የፋይል ማውጫውን አጽድቶ ነው የሚወጣው፤ የዲስኩን አካል አይመረምርም። ረጅሙ ፎርማት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ስለሚጽፍ ዲስኩ በወረፋ ያቆማቸውን ሴክተሮች ከመጠባበቂያው እንዲተካ ያስገድደዋል፤ የሲ5 ቁጥር ይወርድና «ዳነ» ይባላል። በ05 ላይ የጨመረውን ግን የሚያይ የለም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ያው ችግር ይመጣል፤ ባለቤቱም «ይህ ዊንዶውስ ቶሎ ይበላሻል» ብሎ ማይክሮሶፍትን ይረግማል።

የሚገርመው ዲስኩ ራሱ መናገሩ ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስኩን ተመልከቱ። ሥራው 100 በመቶ ሆኖ የሚነበበው በሰከንድ አንድ ሁለት ሜጋባይት ከሆነ፣ የምላሽ ጊዜውም በሺዎች ሚሊሰከንድ ከወጣ፣ ፎርማት የሚለውን ቃል እርሱት። መጀመሪያ ፋይል ማውጣት ነው፤ እሱም ማሽኑን በየሰዓቱ እያስነሱ እያጠፉ ሳይሆን ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን ማለት 20 ጊጋባይት ያህል አዲስ ነገር በአሮጌው ላይ መጻፍ ነው። በስህተት የጠፋ ፎቶ ወይም ሰነድ በሪከቨሪ ፕሮግራም ሊመለስ የሚችለው ቦታው ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ነው። ኤስኤስዲ ላይ እሱም ተስፋ የለውም፤ ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ይልካል፤ ኤስኤስዲውም ቦታውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖም ሊንቀራፈፍ ይችላል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በየቦታው የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ መቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሚደርስላችሁ። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ በዚያው ሰከንድ በአሥር ሺዎች ይሠራል። ዊንዶውስ 10ና 11 ከጀርባ ያለማቋረጥ የሚያነቡና የሚጽፉ ናቸው። ስለዚህ ያለ ኤስኤስዲ ፎርማት ማድረግ የተወሰነ ሳምንት መግዛት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ፕሮሰሰር ይቀየርልኝ ይለኛል፤ ኤስኤስዲ ስለው ፊቱ ይጨማደዳል። በአገር ውስጥ ገበያ እንደልብ በሚገኘው ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ ገብቶ ራሙ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ካደገ፣ ለቤት ሥራ፣ ለትምህርትና ለሂሳብ ከበቂ በላይ ነው።

የ«ዲ» ነገር ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ሲና ዲ በአብዛኛው ቤት አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ የተገኙ ናቸው። ዊንዶውስ የተቀመጠበት ሲ ሲጸዳ ዲ አይነካም፤ እውነት ነው። ዲስኩ ሲሞት ግን ሲም ዲም አብረው ይሞታሉ። ሰው በፎርማት እንዳይጠፋበት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን እዚያ ይከምርና ከአደጋ ያወጣው ይመስለዋል። የሂሳብ ባለሙያዎች ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ የወርድ ሰነዳቸውን ሁሉ ዲ ላይ አድርገው የሂሳብ ፕሮግራማቸው የፒችትሪ ዳታ ግን ፕሮግራሙ ራሱ በመረጠው ሲ ውስጥ እንደተቀመጠ አያውቁም። ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ «ካምፓኒው የለም» ብለው ይጮኻሉ። ፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ የሚል ምርጫ አለ፤ ወደ ፍላሽ ማውጣት ቡና እስኪፈላ አይፈጅም።

ፎርማት ምንም የማያገባበትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን ኮምፒውተር ይዘው ይመጣሉ፤ «ኢንተርኔት አልከፍት አለ፣ ሁሉም ገጽ አስጊ ነው ይላል፣ ፎርማት አድርጉልኝ»። ቀኑን አያለሁ፤ ዓመታት ወደኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ሞታለች። የድረ ገጾች የምስክር ወረቀት የሚያገለግልበት ጊዜ ስላለው ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር ሁሉንም ይጠራጠራል። ሱቅ ውስጥ ፎርማት ያደረገው ልጅ በመንገዱ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ይሠራል፤ ገንዘቡን ይቀበላል። ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱን ከፓወር ሳፕላዩ በሚያገኘው ትንሽ ኃይል ይጠብቃል። ቤት ደርሶ መብራት የጠፋ ዕለት ያው ነው። በዚህ ከተማ መብራት እስኪጠፋ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

ራምም እንዲሁ። ብሉ ስክሪን በየጊዜው የሚያመጣ፣ አንዳንዴ ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ የሚያቋርጥ ማሽን አለ። ጫኙ ፍላሹን ይቀይራል፣ ሌላ ዊንዶውስ ያወርዳል፣ ቀኑን ይፈጃል። ራሙን ነቅሎ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ፈትጎ መመለስ፣ ካልሆነም አንድ አንዱን እያወጡ መሞከርና ሜምቴስትን ማታ ለቆ መተኛት ነው። ሙቀት ነክ የሆነው ደግሞ ጎኑ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል፤ አቧራው የሂትሲንኩን ክንፎች እንደ ወፍራም ጨርቅ ሸፍኗቸዋል። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲሁ ሲሽከረከር ይጎዳል። ደርቆ የተሰነጠቀው ተርማል ፔስትም ይቀየር። እዚህ ላይ አልቆይም፤ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል።

አንዱ ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፉ ሰነዶች ያሏቸው ሰዎች አሉ፤ ዩኒኮድ ያልሆነ አማርኛ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ይጠፋል። ሰነዱ ሲከፈት በአማርኛው ፋንታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዝረክርኮ ይታያል። ባለቤቱ «ቫይረስ በላው» ይላል፤ ባለሱቁም ይስማማል፤ እንደገና ፎርማት ይደረጋል! ፎንቱን መልሶ መጫን ብቻ ነበር። የሾርትከት ቫይረሱም ያው ነው፤ በፍላሽ ላይ ያሉት ፋይሎች ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ በአንዲት የአትሪብ ትእዛዝ ይመለሳሉ። ስንት የሠርግ ፎቶ ነው ፍላሹን ፎርማት በማድረግ የጠፋው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ፣ ጥፋቱን በደንበኛው ላይ ብቻ አልጥልም። ለእኛም ፎርማት ይመቸናል። ዝግጁ ፍላሽ ይሰካል፣ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና አክቲቬተሩ አብረው ይገባሉ፣ አንቲቫይረሱ እንዳይጮህ ይዘጋል፣ ሻይ ይጠጣል። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ክርክር የለውም። ምርመራ ግን በገበያችን ዋጋ የለውም። በቅርቡ አንድ ኮምፒውተር መጣ፤ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ሲ7 የሚለው ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ግን ይጨምራል። ሲ7 ዲስኩና ማዘርቦርዱ በመሃላቸው ሲነጋገሩ የሚፈጠር ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሳታ ገመዱ ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ቁጥሩ ቆመ፤ ማሽኑ ዳነ። ባለቤቱ ሲከፍል «ገመድ ብቻ ነው እንዴ የቀየርከው?» አለኝ። ሙሉውን ፎርማት አድርጌ ፋይሉን አጥፍቼበት ቢሆን ኖሮ ሳያጉረመርም ይከፍለኝ ነበር።

ይህ የፎርማት ነገር አሁን ደግሞ አዲስ ሰበብ አግኝቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ስለዚህ «ፎርማት አድርገህ 11 ጫንልኝ» ተጀምሯል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0ና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ነው። በየቤቱ ያለው ደግሞ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ነው። ፍተሻውን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ልጆቹ ያውቁበታል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነው አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ 11ን ጭኖ መስጠት በእኔ እይታ ደንበኛን ማታለል ነው። ገንዘቡ ለኤስኤስዲ ይዋል።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። ኮምፒውተሩን ልትሸጡት ከሆነ፣ ዲስኩ ተቀይሮ ከዜሮ ሲጀመር፣ ወይም ፋይሎቻችሁን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ ይደረጋል፤ የተቆለፉትን ፋይሎች ግን መልሶ አያመጣቸውም። ከእነዚህ ውጪ ለሚመጣው በሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ አይቶ ያዘዘ አይመስለኝም።

አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ደንበኛውንም ባለሱቁንም። ሥራው ሲያልቅ ወረቀት ይጻፍ፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ በምን እንደተረጋገጠ፣ ምን እንደተሠራ። የዲስኩ ሁኔታ ፎቶ በስልክ ይነሣና ለባለቤቱ በቴሌግራም ይላክለት። ወረቀቱ ላይ «ፎርማት» ብቻ ተጽፎ ከመጣ፣ ምን ሆኖ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ አትክፈሉ።