ያረጀ መርሴዲስና የቤተ ሰብ ገንዘብ

አንድ የክብር አውቶሞቢል ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ዋጋው ይወድቃል፤ የመለዋወጫ ዕቃው ዋጋ ግን አብሮት አይወድቅም። ገዢው የሚከፍለው የአሮጌ መኪና ዋጋ ሲሆን፣ ጋራዥ በገባ ጊዜ የሚጠየቀው የክብር መኪና ሒሳብ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ለልጆች ትምህርት ያስቀመጠው ገንዘብ የሚያልቀው በዚሁ ልዩነት ነው። ስለዚህ በዓለም ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ጎዳና ጭምር ገና የሚታየውን አንድ መኪና ወስደን፣ ከሕመሞቹ የትኛው ቀላል፣ የትኛውስ ከባድ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

መኪናው ፋብሪካው ደብልዩ 124 ብሎ የሰየመው የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 መጨረሻ ወጣ፤ በ1985 ስቴሽን ዋገኑ ተከተለ፤ በ1993 ኢ ክላስ የሚለውን ስም ተቀበለ። በጠቅላላው ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስቴሽን ዋገኑ ለቤተ ሰብ ይልቁንም የተወደደው፣ ከኋላው ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች ሁለት ልጆች የምታስቀምጥ መቀመጫ ሊኖረው ስለሚችል ነው። ልጆች መንገዱ ወደ ኋላ ሲሸሽ እያዩ መጓዝን ይወዳሉ።

በኢትዮጵያ በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ አስቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ፣ መጠገኑም የግድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የሞተሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት፣ ይልቁንም 280 እና 320 የሚል ቁጥር በያዙት ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪናዎች ላይ የገባው ሽቦ የተሸፈነበት ልባስ የሞተሩን ሙቀት ለብዙ ዓመት የሚችል አልነበረም። ልባሱ ይደርቅና እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል፤ መዳቡም ራቁቱን ይቀራል። ራቁት ሽቦዎች በተነካኩ ጊዜ ሞተሩ ዛሬ ይንተፋተፋል፣ ነገ ደኅና ይሆናል፤ ነገሩ ቸል ከተባለም ሞተሩን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ሊያቃጥል ይችላል። የሽቦው ጥቅል ራሱ ውድ ነው፤ ሣጥኑ ሲጨመርበት ግን ወጪው መኪናው ከተገዛበት ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል። ምርመራው ግን ቀላል ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የሽቦውን የውጭ መሸፈኛ ወደ ሞተሩ በሚገባበት በኩል ጥቂት ገለጥ አድርጎ ማየት ይበቃል። ሻጩ ይህን ቢከለክልዎ ምክንያቱን ይጠርጥሩ።

በቀደሙት ሞተሮች ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነገር አለ። 260 ኢ እና 300 ኢ በተባሉት መኪናዎች ከባትሪው ጀርባ አንዲት ትንሽ ሪሌ ተተክላለች። ሥራዋ የኤሌክትሪኩ ኀይል ከመጠን ባለፈ ጊዜ የሞተሩንና የፍሬኑን መቆጣጠሪያ ከጉዳት መጠበቅ ነው፤ በአናቷም ፊዩዝ አላት። ፊዩዙ ሲቃጠል፣ ወይም በውስጧ ያለው ብየዳ ሲሰነጠቅ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት በግድ ይነሣል፤ የኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን የማስጠንቀቂያ መብራትም ይበራል። ይህን ያላወቀ መካኒክ እጅግ ውድ የሆነውን የነዳጅ ማከፋፈያ ያስለውጣል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ሕመሙም እንዳለ ይቀራል። ሞተርና ፍሬን ምንም የማይገናኙ ይመስላሉና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ከታመሙ ግን የጋራ የሆነውን መፈለግ ይገባል፤ የጋራቸውም ይህች ሪሌ ናት። ዋጋዋ ከነዳጅ ማከፋፈያው ጋር አይነጻጸርም።

በጋራዥ የሚሰማው ቃል አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ስለ ሆነ፣ አማርኛ የሚማር ሰው በመዝገበ ቃላት ቢፈልገው ሁልጊዜ አያገኘውም። ካምቢዮ የማርሽ ሣጥን ነው፤ ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ክሪክ መኪና የሚነሣበት መሣሪያ ነው፤ ካቻቪቴ ብሎን መፍቻ ነው። መካኒኩ «ቴስታታው ይውረድ» ሲል ገንዘብ የሚጠይቅ ቃል እንደ ተናገረ ይወቁ።

በባለ ስድስት ሲሊንደሮቹ ሞተሮች ላይ የሞተሩ ገላ የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል ስለማይሰፉ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ከዓመት ዓመት ይጎዳል። ምልክቱ በሞተሩ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ዘይት፣ ሲብስም በራዲያተሩ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ነው። ጋስኬቱ ብቻውን ርካሽ ነው፤ ሒሳቡን የሚያከብደው ቴስታታውን ማውረዱ፣ ፊቱን በማሽን ማስተካከሉና ብሎኖቹን በአዲስ መለወጡ ነው። ይህን ጉዳት የሚያፋጥነው በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ የመጨመር ልማድ ነው፤ ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽ ካልተቀላቀለ ውኃው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በፈሳሹ የተቆጠበው ብር ለቴስታታው በብዙ እጥፍ ይከፈላል።

ጠዋት ሲነሣ ብቻ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ግን አይደንግጡ። ይህ ብዙውን ጊዜ በቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ የጎማ ማሸጊያዎች ማርጀት ነው፤ ቴስታታው ሳይወርድ ሊለወጡ ይችላሉ። በመንገድ ላይ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮው አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ባለ አራት ማርሹ ካምቢዮ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ካልተረገጠ በቀር ከቆመበት የሚነሣው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ አሠራሩ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ሁለቱ ሲደመሩ መኪናው አቀበት ላይ ሰነፍ ይመስላል። በዚህ ብቻ ካምቢዮ ያስፈቱ ሰዎች አሉ። ማርሽ ሲቀያየር የሚያንገጫግጭ ከሆነም፣ ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት ወደ እርሱ የሚሄዱት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች መሰንጠቅ አለመሰንጠቃቸው ይታይ።

የስቴሽን ዋገኑ የኋላ ክፍል በዘይት ግፊት ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ናይትሮጅን የታሸገባቸው ሁለት ክብ ዕቃዎች አሉት፤ ጋዙ ሲያልቅ መኪናው በኋላ በኩል እንደ ጋሪ ይነጥራል። እነዚህን መለወጥ መካከለኛ ወጪ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥቡት ምሰሶዎቹ ከሆኑ ግን ወጪው ከፍ ይላል።

በዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀበረው የአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ከቀደደ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፤ የሚከፈለውም ይበልጡን ለጉልበቱ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቢተወው አይጎዳም፤ ድሬዳዋ የሚኖር ግን ከመግዛቱ በፊት ይፈትነው።

ዕቃ ለመግዛት ሲሄዱ የሞዴሉን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ። እያንዳንዱ የመርሴዲስ ዕቃ ቁጥር አለው፤ ለዚህ መኪና ብቻ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ124 ይጀምራሉ። ያን ቁጥር ከአሮጌው ዕቃ ላይ ገልብጦ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው፣ «ይኸው ነው፣ ይገባል» ከሚለው ቃል ይድናል። ያገለገለ በርና መብራት ከዚያ መግዛት ብልህነት ነው፤ ያገለገለ የሞተር ሽቦ ግን አይግዙ፤ እርሱም እኩል አርጅቷልና።

በመጨረሻ ክሪኩ የሚገባባቸው አራቱ ቦታዎች ይታዩ። ከ1989 ወዲህ በተሠሩት ላይ በጎን የተለጠፈው ፕላስቲክ ስለሚሸፍናቸው ዝገቱ ከውጭ አይታይም። ክዳኑን አንሥተው በካቻቪቴ ጫፍ ይንኩት፤ ካቻቪቴው ወደ ውስጥ ከገባ ስለ ሞተሩ መጠየቅም አያስፈልግም።