ሕጉን ያውቀዋል፣ ጽሑፉ ግን ይጥለዋል፦ የቻይና ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና

ሰኔ 1 ቀን፣ በአገሬው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት። በቻይና ከተሞች በፈተና ጣቢያዎች ዙሪያ የሚያልፉ ሾፌሮች ክላክስ እንዳያደርጉ ይከለከላሉ፤ አጠገቡ ያለ የግንባታ ሥራም ፀጥ ይላል። ለምን መሰላችሁ? ውስጥ ያሉት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ላይ ስለሆኑ ነው።

ፈተናው «ጋኦካኦ» ይባላል፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ብቻ 13.42 ሚሊዮን ተማሪ ተመዝግቦለታል። ከአጠቃላዩ 750 ነጥብ ውስጥ እንግሊዝኛ 150 ይይዛል፤ ልክ እንደ ሒሳብ ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲስ መሆን የሚፈልግ ልጅም ከእንግሊዝኛ አያመልጥም።

ዩ ሚንሆንግን ያየ ይህን ያውቃል። የገበሬ ልጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ የጣለው እንግሊዝኛ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ በ1980 ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ያውም እንግሊዝኛ ክፍል! በ1993 የመሠረተው «ኒው ኦሪየንታል» ደግሞ በቻይና ስመ ጥር ከሆኑት የማስጠኛ ድርጅቶች አንዱ ሆነ።

ታዲያ ሰዋስው ለእነሱ ለምን ይከብዳል? እኛ «ሄድኩ፣ ትሄዳለች፣ ይሄዱ ነበር» እያልን ግሱን እንደ ሰውና እንደ ጊዜ ስንቀያይር ነው ያደግነው። የቻይንኛ ግስ ግን አይነቃነቅም። «ትናንት» ወይም «ነገ» የሚል ቃል ወይም አንዲት ትንሽ ምልክት ቃል ትጨመራለች፣ በቃ። እንግሊዝኛ በየስሙ ፊት የሚደነቅራቸው «ዘ» እና «ኤ»ም ቻይንኛ ውስጥ የሉም። አንድ የቤይጂንግ ተማሪ እነዚህን ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ቀደም ሲል ሰዋስው የሚጠየቀው በተናጠል ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አራት ምርጫ ይሰጣል፣ አንዱን ማክበብ ነው። ሕግ የሸመደደ ይዞት ይወጣል። አሁን ብዙ ግዛቶች በሚጠቀሙበት የፈተና ወረቀት ላይ ግን ያ ቀርቷል። አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይሰጣል፣ ውስጡ አሥር ባዶ ቦታ አለ። አንዳንዱ ባዶ ቦታ አጠገብ ግሱ ወይም ስሙ በቅንፍ ይቀመጥና «አስተካክለህ አስገባ» ይባላል፤ አንዳንዱ ላይ ምንም ፍንጭ የለም።

እስቲ እንሞክረው። ዓረፍተ ነገሩ «ዘ ቦይ … ኒር ዘ ዊንዶው ኢዝ ማይ ብራዘር» ቢልና የተሰጠው ቃል «ሲት» ቢሆንስ? ብዙ ሰው ቸኩሎ «ሲትስ» ይላል። ስህተት ነው። መምህራን የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይቺ ናት፦ «ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ዋና ግስ አለው ወይ?» አለው፣ «ኢዝ»። ስለዚህ መልሱ «ሲቲንግ» ነው። «የስተርዴይ ዘ ቦይ … ኒር ዘ ዊንዶው» ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ግስ የለም፣ ጊዜውም ትናንት ነው፤ መልሱ «ሳት» ይሆናል። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ለመመለስ ሕጉን ማወቅ አልበቃም። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነበረባችሁ።

ማርኩም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ከ150ው ውስጥ ያ የሰዋስው ክፍል የሚይዘው 15 ነው። ንባብ 50 ይይዛል። ሌላ 25 ነጥብ ደግሞ አንድ ያላለቀ ታሪክ አንብበው ሁለት አንቀጽ በመቀጠል የሚያገኙት ነው፤ ታሪኩን ያልተረዳ የሚቀጥለው ነገር የለውም።

ዝግጅቱስ? በብዙ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው ክለሳና የሙከራ ፈተና ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ቃላት በሺዎች ይሸመደዳሉ፣ በደብተርም በስልክ መተግበሪያም። ንባብ ላይ ጥያቄውን ቀድሞ ማየት፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ መግባት የተለመደ ስልት ነው። ከሰባት ዓረፍተ ነገሮች አምስቱን በየቦታቸው የሚያስገቡበት ጥያቄም አለ፤ እዚያ ላይ «ሃውኤቨር» ወይም «ዚስ» የምትል ቃል ወደ የትኛው ሐሳብ እንደምትጠቁም ማደን ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ግን «የስህተት ደብተር» ነው። ተማሪው የሳተውን ጥያቄ ብቻ ይገለብጥበታል፤ ለምን እንደሳተም ከጎኑ ይጽፋል። ሕጉን አላወቀም? ቃሉ አዲስ ሆነበት? ወይስ ቸኮለ? ለፈተና ሲቃረብ የሚያገላብጠው ያንን ነው፤ የሚያውቀውን በመድገም ጊዜ አያቃጥልም።

ይህ ሁሉ ልፋት ግን ዋጋ አለው። ቻይናውያን ራሳቸው «ዲዳ እንግሊዝኛ» የሚሉት ነገር አለ፦ ዓመታት ተምሮ፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ የሚመልስ ልጅ የውጭ ሰው መንገድ ሲጠይቀው አፉ ይያዛል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ፈተናው ያልጠየቀውን ማን ጊዜ ሰጥቶ ያጠናል? አንድ ነጥብ ከብዙ ሰው ፊት ወይም ኋላ በምታሰልፍበት አገር፣ ለመናገር የሚውል አንድ ሰዓት እንደ ቅንጦት ይቆጠራል።

የወረቀቱ መለወጥ አንድ ነገር አሳይቷል። ፈተናው ሕግ ሲጠይቅ ልጆች ሕግ ሸመደዱ፤ ንባብ ሲጠይቅ ማንበብ ጀመሩ። መናገር በደንብ የሚጠየቅበት ቀን ከመጣ ደግሞ ይናገራሉ።

እናንተስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ወይም የውጭ ስኮላርሺፕ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከእነሱ ሁለት ነገር መውሰድ ትችላላችሁ። ሰዋስውን ከነጽሑፉ አጥኑት፤ ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ባዶ ደብተር አውጡና የሳታችሁትን ጻፉበት። ሦስተኛው የእናንተ ይሁን፦ ያነበባችሁትን ለጓደኛችሁ በእንግሊዝኛ ተርኩለት። ቢሳቅባችሁም ይሳቅ!