ሕመሙ በሰዓታት፣ ደሙ በሳምንት

ነገ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ስንመደብ ከጥቁር ሰሌዳው ሌላ የሚጠብቀን ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ጥርሴ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ አንድ ፍሬ አስፕሪን አያጡልኝም?» የሚል ነው። ሰውየው ክኒኑን ውጦ ያድርና በማግስቱ ጥርሱን ሊያስነቅል ይሄዳል። ደሙ አልቆም ቢል ነቃዩ ይታማል እንጂ ክኒኑን ማን ያስታውሳል?

ለመሆኑ ደም የሚቆመው እንዴት ነው? በደማችን ውስጥ ከቀይና ከነጭ ሕዋሳት ሌላ ፕላትሌት የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይሆናሉ። የደም ሥር ሲቀደድ ከቁስሉ ላይ ይለጠፉና ትሮምቦክሴን የተባለ ንጥረ ነገር አመንጭተው ሌሎቹን ይጠራሉ። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ ተጠራርተው ቀዳዳውን ይደፍኑታል።

አስፕሪን የሚያግደው ይህን ጥሪ ነው። ትሮምቦክሴን እንዲሠራ የሚያደርገውን ኤንዛይም እስከ መጨረሻው ያበላሸዋል። ሌላ ሕዋስ ቢሆን አዲስ ኤንዛይም ይሠራ ነበር፤ ፕላትሌት ግን ኒውክለስ ስለሌለው አይችልም። ከ7 እስከ 10 ቀን በሚደርሰው ዕድሜው ሁሉ ጥሪው እንደ ታገደ ይኖራል። አዳዲሶቹን የአጥንት መቅኔ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይተካል። እንግዲህ ክኒኑ ሕመም የሚያስታግሰው ለሰዓታት ነው፤ በደም ላይ የሚተወው ሥራ ግን ሳምንት ያህል ይቆያል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን አስፕሪን የትሮምቦክሴን ዘመዶች የሆኑትን ፕሮስታግላንዲኖች እንዳይሠሩ እንደሚያግድ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ። በ1982ም ከሁለት የስዊድን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ይኸው ጠባይ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ መድኃኒት ነው። የልብ ሥር በረጋ ደም ተዘግቶበት ለሚያውቅ ሰው ሐኪም በየቀኑ ጥቂት አስፕሪን ያዝለታል። እንዲህ ያለው ሰው ጥርስ ለማስነቀል ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ለሐኪሙ ይንገር።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ቁስል ከመቀደዱ በፊት «በዚህ ሳምንት ክኒን ውጠሃል?» ብሎ መጠየቅን እናስለምድ። ጨጓራው ለቆሰለ፣ ነስር ለሚደጋግመው፣ ለነፍሰ ጡርም አስፕሪን ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ አንስጥ። ትኩሳት ላለበት ልጅ ጭራሽ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ብርቱ በሽታ ሊያመጣበት ይችላልና። በቆላው ቀበሌ ደግሞ ትኩሳቱ ወባ ሊሆን ይችላል፤ ወባ ራሷ ፕላትሌትን ታሳንሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ደሙ ይመርመር።

ጥርስ ተነቅሎ ደም ቢፈስ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በቦታው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ አጥብቆ መንከስ ነው። ካልቆመ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ!

ክኒን መስጠት ቀላል ነው፤ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ግን የመምህር ወጉ ነው።