ኑዛዜን ለአልጋ ቀን አናቆየው

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሕመም የጠናባቸው ሰዎች እጄን ይዘው «ሲስተር፣ ቤቱ ለትንሿ ልጄ ነው፤ አንቺ ምስክሬ ነሽ» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ተናግረውት ቀለል ይላቸዋል። ልጅቷም ያ ቃል ይበቃል ብላ ታምናለች። ክርክሩ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ይቀበላል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ሊናገረው ይገባል። መናዘዝ የሚችለውም ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ከሕመሙ ተርፎ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ቃሉ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

መተማመኛው ጽሑፍ ነው። ተናዛዡ ራሱ ቢጽፈውም ሌላ ሰው ቢጽፍለትም፣ ኑዛዜው በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ንብረት የምትተዉለትን ሰው ምስክር አታድርጉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜም ፈራሽ ነው፤ የየራሳችሁን ጻፉ።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። በሕይወት የቀረው ባል ወይም ሚስት ከጋራ ሀብት የራሱን ድርሻ ይወስዳል እንጂ የሟች ወራሽ አይደለም። ይህን የማያውቁ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው።

እናት ወይም አባት የሞተበትን የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶች ደግሞ ሌላም መንገድ አላችሁ። ሕጉ ከቁጥር 516 ጀምሮ ንብረትን ለባለአደራ ሰጥቶ ለሌላ ሰው ጥቅም እንዲያስተዳድረው ማድረግን ይፈቅዳል። ለምሳሌ «ሰርቪስ ቤቶቹ ይከራዩ፤ ኪራዩ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ለትምህርቱ ይዋል» ብላችሁ በኑዛዜያችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ባለአደራው በትእዛዛችሁ መሠረት ያስተዳድራል እንጂ ንብረቱን የግሉ አያደርገውም። ታዲያ የምትመርጡት ሰው የሚወዳችሁ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ የሚይዝም ይሁን። ፈቃደኛነቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ጤና ሳላችሁ ጨርሱት፤ ከመፈረማችሁ በፊትም የሕግ ባለሙያ ይየው። ወረቀቱ የት እንዳለ የምታምኑት ሰው ይወቅ። መናዘዝ ሞትን አይጠራም፤ ልጆቻችሁን ግን ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናል።